የዐርብ ስም ማን ነበር?

ዳንኤል ዴፎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1719 ዓ.ም. ያሳተመው የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። መርከቡ የተሰበረበት ሰው በደሴት ላይ 28 ዓመት ተቀምጦ፥ ቤት ሠርቶ፥ እህል ዘርቶ፥ ፍየል አርብቶ መኖሩን ልጆች ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ አንዲት ማሰሮ እስኪወጣለት ድረስ ከጭቃ ጋር የታገለበት ክፍል ለእኔም እስከ ዛሬ ይጥመኛል።

ነገር ግን መርከቡ ወዴት ሲሄድ እንደ ተሰበረ ለልጆቹ ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ክሩሶ በብራዚል እርሻ ነበረውና ለእርሻው ባሮች ሊያመጣ ወደ አፍሪካ፥ ወደ ጊኒ ጠረፍ ይጓዝ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ብሎ ራሱ በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ በሞሮኮ፥ በሳሌ ከተማ፥ ሁለት ዓመት ያህል ባሪያ ሆኖ ኖሯል። ሲያመልጥ ዙሪ የሚባል ልጅ አብሮት ነበረ። አደጋ ቢመጣ እርሱ ሞቶ ክሩሶ እንዲያመልጥ እስከ መፍቀድ የደረሰ ልጅ ነው። ክሩሶ ግን አንድ የፖርቱጋል መርከብ ባዳናቸው ጊዜ ዙሪን ለመርከቡ አለቃ በ60 የእስፓኝ ብር ሸጠው። ልጁ ክርስቲያን ቢሆን ከ10 ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል የሚል ቃልም ተጨመረበት። የክርስቶስ ስም በሽያጭ ውል ውስጥ ገባ ማለት ነው! ኋላ ክሩሶ ተጸጽቷል፤ የተጸጸተው ግን ለእርሻው ረዳት ባጣ ጊዜ ነው።

በደሴቱም ከሞት ያዳነውን ሰው፥ ቀኑ ዐርብ ነውና፥ ዐርብ ብሎ ሰየመው እንጂ ስምህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀውም። ወዲያውም «ጌታዬ» ማለትን አስተማረው። ከጊዜ በኋላ የዐርብ አባት ታስሮ በታንኳ ሲገኝ፥ ልጁ አባቱን አቅፎ አለቀሰ፥ ሣቀ፥ ዘለለ። አባትየው ልጁን በምን ስም ጠራው? መጽሐፉ አይነግረንም።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። ክሩሶ አገሩ ገብቶ ሚስት ማግባቱ፥ ሦስት ልጆች መውለዱና የሚስቱ መሞት በጥቂት ቃላት ተነግሮ ያልቃል። ስለ ማሰሮው ያን ያህል የጻፈ ብዕር የሚስቱን ስም እንኳ አልጻፈም። ከብራዚል ወደ ደሴቱ ስንቅ ሲልክም ሰባት ሴቶች አብሮ ሰደደ፤ ለአገልግሎት፥ ወይም ለሚወስዳቸው ሁሉ ሚስት እንዲሆኑ። ፈቅደው ይሁን ተገደው አልተጻፈም።

«ዘመኑ እንዲህ ነበረ» የሚሉ አሉ። ዴፎ ራሱ ግን በ1697 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይቋቋም ብሎ ተከራክሯል። በ1688 ዓ.ም. ደግሞ በፔንሲልቫንያ የነበሩ ክዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ባርነትን ተቃውመው ጽፈዋል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ከቤታችሁ አውጡ አልልም። ለልጆች ታጥረው ከሚታተሙት ይልቅ ሙሉው ይነበብላቸው፤ በታጠሩት ዙሪን ብዙ ጊዜ አታገኙትምና። ሰባቱ ሴቶች ወደ ተላኩበት ገጽ ስትደርሱም ንባቡን ለሴት ልጃችሁ ስጧትና ከእነርሱ ጋር ምን ምን እንደ ተላከ ጮኻ ታንብብ፦ አምስት ላሞች፥ ሦስቱ እርጉዞች፤ በጎችና ዐሣማዎች።