ሲሙ ከላፕቶፑ ሆድ ይግባ ወይስ ከጎኑ ይሰካ?

ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ትራንዚተር ኔትወርክ ሲጠፋበት ሥራው ይቆማል፤ የደንበኛው ዕቃ ግን የመጋዘን ኪራይ መቁጠሩን አያቆምም። ለገዢ ዋጋ የሚልክ ደላላም ከዚሁ አይለይም። ይህን የተረዱ የኮምፒውተር ሻጮች ታዲያ «ይኼኛው ሲም ይወስዳል» የሚል ማባበያ አግኝተዋል። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ዋጋው ከፍ ይላል።

ለመሆኑ ሲም የሚወስድ ላፕቶፕ ጭማሪውን ያወጣል? ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነጋዴ አያወጣም።

የመጀመሪያው ችግር ቀዳዳው ራሱ ነው። ለቢሮ ሥራ የሚሠሩ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሲም ማስገቢያ አላቸው፤ ሞደሙ የተገጠመላቸው ግን ሁሉም አይደሉም። ፋብሪካው አንዱን አካል ለሁለቱም ዓይነት ስለሚጠቀም ቀዳዳው ባዶውን ይመጣል። «ካርዱን በኋላ እናስገባልሃለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመም መጠንቀቅ ነው። ያለ ሞደም የታዘዘ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ የሚያልፈው የአንቴና ሽቦም የለውም፤ ያንን ለመዘርጋት ስክሪኑን መፍታት ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አንዳንድ የቆዩ የኤችፒና የሌኖቮ ሞዴሎች ፋብሪካው ያልፈቀደውን ካርድ ሲያገኙ ጭራሽ አልነሳም ይላሉ።

ካርዱ ቢኖርስ? ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ካርዱ ለዚያ አገር ኩባንያዎች ሞገድ የተመረጠ ሊሆን ይችላል። ሲሙን ይቀበላል፣ እዚህ ግን ከ4ጂው ጋር ላይግባባ ይችላል። በ3ጂ ዘመን የተገጠመ ካርድም 4ጂን ፈጽሞ አያውቅም። ኔትወርኩ ደግሞ ቆሞ አልጠበቀም፤ በ2007 ዓ.ም. 4ጂ አዲስ አበባ ገባ፣ በ2014 ዓ.ም. የ5ጂ ሙከራ ተጀመረ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በከተማዋ አገልግሎት ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበትን ዘመን ዘጋው። በደህና የተያዘ ላፕቶፕ አምስትና ስድስት ዓመት ያገለግላል። በዚያ ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ካርድ ጋር ታስሮ መቅረት ለነጋዴ የሚመች ውል አይደለም።

ከውጭ የሚሰካው በዚህ በኩል ነፃ ነው፤ ሲያረጅ እሱ ብቻ ይጣላል፣ ላፕቶፑ ይቀጥላል። ዶንግል ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ከጎን ወጥቶ ስለሚንጠለጠል አንድ ሰው በክርኑ ሲገፋው የላፕቶፑ መሰኪያ ይሰበራል። በአጭር የዩኤስቢ ገመድ አራዝሞ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል፤ በመርካቶ ምድር ቤት ሱቆች ደግሞ ሲግናሉንም ያሻሽላል። ለአንድ ኩባንያ ተቆልፎ የሚሸጥ ዶንግል ስላለ ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

ለንግድ ቤት ግን ሚፋይ ይሻላል። የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲጠፋ የቢሮው ዋይፋይ ሲሞት እሱ የሒሳብ ሠራተኛዋንም ባለቤቱንም ይዞ ይቆያል። አንዱ ኔትወርክ ሲደክም የሌላውን ሲም መለወጥም ቀላል ነው። ሁልጊዜ በስልክ ሆትስፖት መሥራት በአንጻሩ ለደላላ አይመከርም። ባትሪው ከቀትር በፊት ካለቀ ጥሪውም ገበያውም አብሮ ይሄዳል።

ለውስጡ ሞደም የሚገባውን አለመንፈግ ያስፈልጋል። አንቴናው ከዶንግል ይሰፋል፣ የሚረሳም የሚሰበርም ነገር የለም፣ ክዳኑ ሲከፈት መስመሩ ዝግጁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመጋዘን መጋዘን የሚዞር፣ አዲስ ላፕቶፕ በድርጅቱ ወጪ የሚገዛ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

የትኛውም ቢመረጥ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ማሻሻያ እያወረደ የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት እንዳይጨርስ መስመሩን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ ነው። ሲም ይወስዳል የተባለውን ለመግዛት የወሰነም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት የራሱን ሲም እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስገባ፤ በሴቲንግ ውስጥ «ሴሉላር» የሚለው መስመር ካልታየ የሚከፍለው ለቀዳዳው ነው።