የእርሻ በሬ ወርች በከሰል ፍም ላይ

ለእርሻ ያገለገለ በሬ በታረደ ቁጥር የሚሰማው ወቀሳ አንድ ነው፤ «ሥጋው ጎማ ነው» ይባላል። ቅርጫ የገባው ሰው መደቡን ተቀብሎ ከቤቱ ሲገባ ሽንጡን ለጥሬና ለጥብስ ይለያል፣ ጎድኑን ለወጥ ያስቀምጣል፣ ከወርቹ ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚያደርገው ይቸገራል። ብዙውን ጊዜ ተከትፎ በኃይለኛ እሳት ይጠበስና ጥርስ ይፈትናል፤ ካልሆነም ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል። ቋንጣውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ወርችን ከመናኛ ሥጋ የመቁጠሩን ልማድ ነው። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የበሬው ሳይሆን የእሳቱ ነው። ወርች በከሰል ፍም ላይ በዝግታ ቢበስል ከበሬው ሥጋ ሁሉ የሚጥመው ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በዝግታ ማብሰል ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰልም ዛፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ነገር ሳንነጣጥል እናያለን።

በመጀመሪያ ወርች ለምን እንደሚጠነክር መታወቅ አለበት። ከብት ከሰውነቱ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። የእርሻ በሬ ደግሞ ከዚህ በላይ ቀንበር አለበት። ብዙ የሚሠራ ሥጋ ክሮቹን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ብዙ ጅማት ያበጃል፤ የዚህ ጅማት ዋና አካል ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ኮላጅን በጥጃ ላይ ላላ ያለ ሲሆን፣ ከብቱ ዕድሜው በገፋ መጠን እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ይጠነክራል። በሬያችን ወደ 4 ዓመት ሲጠጋ ተገርቶ ለብዙ ዓመታት ካረሰ በኋላ ስለሚታረድ፣ ወርቹ ከወይፈን ወርች ጋር ሊወዳደር አይችልም። በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች እንደሚያደርጉት በሬውን አስሮ የበቆሎና የማሽላ ቅንጥብ እያቀረቡ ማድለብ ሥጋውን ያበዛል፣ ስብም ያለብሰዋል፤ የገበያ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። ለዓመታት የተቆላለፈውን ጅማት ግን ማድለብ ብቻውን አያላላውም። ይህ ሥራ ለማብሰያው የተተወ ነው።

ሥጋ ሲሞቅ በውስጡ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ይከናወናሉ። ቀዩ ሥጋ ውስጡ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ መኮማተር ይጀምራል፤ 65 አካባቢ ሲደርስ ጅማቱም አብሮ ስለሚጨማተር ጭማቂው ተጨምቆ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ወርች ከጥሬው ይልቅ ይጠነክራል። የተጨማተረው ኮላጅን ተፈትቶ ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚለወጠው ከ70 ዲግሪ በላይ ለብዙ ሰዓታት ሲቆይ ነው። እንግዲህ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ ወርች ከምጣዱ የሚወጣው በጠነከረበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። «ብዙ ጠበስኩት፣ አሁንም አልበሰለም» የሚለው ሰው እሳት ሲጨምር ከላይ ያሳርረዋል እንጂ ወደ ውስጡ የሚፈለገውን ጊዜ አያስገባም። ሙቀት በማራገቢያ ሊበዛ ይችላል፤ ጊዜ ግን አይራገብም።

ይህን በሚገባ ካጠኑት መካከል የአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሰዎች ይገኙበታል። በሰሜን ካሮላይና የአሳማ ወርች፣ በቴክሳስ ደግሞ የበሬ ፍሪምባ፣ ከፍም ራቅ ተደርጎ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይበስላል፤ ሲያበቃ በሹካ ይፈታል። አሳማ በአብዛኛው ሕዝባችን ዘንድ የማይበላ በመሆኑ እሱን ለእነርሱ እንተወዋለን። የጅማቱ ጠባይ ግን በበሬም፣ በፍየልም፣ በበግም ያው ነው። ደግሞም በለስላሳ እሳት መጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦን ከላይና ከታች እሳት አድርጋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ሳታሳርር የምታወጣ እናት ለወርች የሚያስፈልገውን ጥበብ ሁሉ ታውቃለች።

ማንደጃው ለሁለት ከተሰነጠቀ በርሜል ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ታጥቦም ሆነ ተቃጥሎ ለምግብ ሥራ ሊውል አይገባም። በየገጠሩ እንዲህ ያለ በርሜል ለብዙ ነገር ሲያገለግል ስለሚታይ ይህን አጥብቀን እናሳስባለን። ከሰሉን ለመለኮስም ፌስታል፣ ላስቲክ ወይም ጋዝ አይደረግበት፤ ጭራሮ ይበቃል። ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠበቅና ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። ባዶው ወገን ላይ ውሃ ያለበት ሳህን ይቀመጣል፤ ሥጋው ከሳህኑ በላይ በፍርግርጉ ላይ ያርፋል። ከሥጋው በታች ፍም መኖር የለበትም። ስቡ ፍም ላይ ከተንጠባጠበ ነበልባል ይነሣል፣ ጥቀርሻውም ሥጋውን ያጠቁረዋል፤ ይህ ለጤናም ጥሩ አይደለም። በላዩ የሌላኛው በርሜል ግማሽ ወይም የብረት አክንባሎ ይከደንበታል። ክዳኑ ትንሽ መተንፈሻ ይኑረው።

ከአጥንቱ ያልተለየ፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የወርች ቁራጭ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ሥጋውን 1 ወይም 2 ቀን ቢያቆየው ከእርድ በኋላ የመጣው ድርቀት ይለቀዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት በቆላ ግን በዕለቱ መሥራት ይሻላል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም ያህል፣ ማለት ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ፣ ደቃቅ ጨው ይታሻል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ይጨመራል። አዋዜ የሚወድ ሰው በመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ ቢቀባው መልካም ነው፤ ቀደም ብሎ ከተቀባ ይመራል።

በክዳኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሥጋው ባለበት ወገን እጁን ከፍርግርጉ በላይ ይዘርጋ፤ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ መታገሥ ከቻለ ሙቀቱ ልክ ነው። ከዚያ ቀድሞ እጁን ከሳበ ፍሙ በዝቷል። በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ሁለት ሦስት ፍም ከሌላ ማንደጃ ይጨመራል። ክዳኑን እየደጋገሙ መክፈት ሥራውን ያስረዝማል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተጣደ ወርች ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ በጣም ያረጀ በሬ ከሆነ እስከ 10 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እንግዳ የጠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት አንድ ሰዓት አለ። የሥጋው ውስጣዊ ሙቀት እስከ 65 ወይም 70 ዲግሪ በደንብ ሲወጣ ቆይቶ በድንገት ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት አይንቀሳቀስም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሥጋው ላይ የሚተንነው እርጥበት፣ ላብ ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ሥጋውን ያቀዘቅዘዋል። በዚህ ጊዜ ከሰል ማብዛት ጥፋት ነው። ሥጋውን በፎይል ወይም እሳት ላይ ለብለብ በተደረገ ኮባ መጠቅለል ትነቱን ይገታዋል፤ ሙቀቱም መውጣቱን ይቀጥላል። ኮባው መልካም ሽታም ይሰጠዋል። ውስጡ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሲደርስ አጥንቱ በእጅ ሲነቀነቅ ከሥጋው ይላቀቃል። ከወረደ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ።

ወርችን ማብሰል ከጣዕሙ ሌላ የጤና ጥቅምም አለው። የከብት ኮሶ ትል እጭ በብዛት ከሚቀመጥባቸው ሥፍራዎች መካከል መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና የወርች ሥጋ ዋናዎቹ ናቸው። የቄራ መርማሪዎች ወርቹን ሰንጥቀው የሚያዩትም ለዚህ ነው። በየመንደሩ የሚታረደውን የቅርጫ በሬ ግን የሚመረምረው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። እጩ ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ሲያልፍ ይሞታል፤ በዝግታ የበሰለ ወርች ይህን በብዙ ያልፋል። ጥሬ ሥጋ ተዉ ብለን ብንጽፍ የሚሰማን እንደሌለ እናውቃለን። ቢያንስ ግን ለጥሬ የሚመረጠው ቁራጭ ከወርች አይሁን፤ መርማሪ ያላየው ከሆነም ጨርሶ ባይበላ ይሻላል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ። ከላይ የተገለጸው ሥራ እንደ ማንደጃው ሁኔታ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ከሰል ይፈጃል። በአፈር በሚሸፈን ባህላዊ ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። በመካከለኛው ብናሰላው 5 ኪሎ ከሰል ማለት 33 ኪሎ ያህል እንጨት ነው። በዚህ ላይ ሥጋው ራሱ ሲበስል ከክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያጣል። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ምሳ ይህን ያህል ያጥፋ ብለን አንመክርም። አንዳንድ ባለሙያዎች «ሕዝቡን አዲስ የከሰል ሱስ አታስለምዱት» ይላሉ፤ ለዘወትር ምግብ ከሆነ ልክ ናቸው። የቅርጫ ነገር ግን ሌላ ነው። በቅርጫ የገቡ አባወራዎች ወርቻቸውን አንድ ላይ ቢያበስሉ ያው ፍም ሁለትና ሦስት ወርች ይችላል፤ ጠባቂውም በየተራ ይሆናል። ሥጋውን በጋራ ያረዱ ሰዎች እሳቱንም በጋራ ቢያነድዱ ምን ያስቸግራቸዋል?

ከሰሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የነበረው የግራር ደን በከሰልና በእርሻ ምክንያት እጅግ ተመናምኗል። በሌላ በኩል በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር በማሳቸው ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፣ ከዚያም ሣር ያጭዳሉ፣ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው ያከስሉና መሬቱን እንደገና ያርሳሉ። አሲዳማ በሆነው መሬታቸው ላይ ይህ ብልህ አሠራር ነው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የዝገት በሽታ ይዞት ብዙ ተክል መጎዳቱ ሐሳብ ላይ ይጥለናል፤ ገበሬ በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መተማመን እንደሌለበትም ያሳያል። በአፋር ግጦሹን የወረረውን ፕሮሶፒስ ማክሰልም እንደግፋለን፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው እስከ ሥሩ ካልተነቀለ ግን ተመልሶ ያቆጠቁጣል። በጆንያ የተሞላ ከሰል ዘሩን አይናገርም፤ ነጋዴውን መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስወጣም።

ከሰል የማይገዛው ገበሬ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበት የለም። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምድጃው ውስጥ ብዙ ረመጥ ይቀራል። ወርቹ ጎላ ጎላ ተደርጎ ተቆርጦ ከትንሽ ውሃ፣ ከሽንኩርትና ከጨው ጋር በሸክላ ድስት ይደረግ፤ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይታሸግና ረመጡ ውስጥ ይቀበር። ሦስት አራት ሰዓት በዝግታ ሲንተከተክ ጅማቱ ይሟሟል፣ መረቁም ወፈር ይላል። እሳቱ ጠፍቶ ለብ እንዳለ ግን እንዳያድር፤ ለብ ያለ ሥጋ ለተሕዋስያን ይመቻል። በከተማ ደግሞ ላቀች የሚባለው ሸክላ የተገጠመለት ማንደጃ ከቆርቆሮው ይልቅ ከከሰሉ ሩብ ያህል ስለሚቆጥብና ሙቀቱን ስለሚይዝ ለዚህ ዓይነቱ ድስት ተስማሚ ነው።

ረጅም ሰዓት የሚነድ ከሰል ቤት ውስጥ አይግባ። ከሰል ስለማይጨስ ጉዳት የሌለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። በተለይ በክረምት «ሥጋውም ይብሰል ቤቱም ይሙቅ» ብሎ ማንደጃውን ከመኝታ ክፍል ማስገባት ቤተሰብ ይጨርሳል። ሥራው ከደጅ ወይም ሁለት ወገኑ ክፍት በሆነ ማድ ቤት ይሁን፤ ዝናብ ቢመጣ ሥጋው ይዘግይ እንጂ ፍሙ አይግባ።

ወርቹ ሲወርድ በማንደጃው የሚቀረው ፍም በራሱ እንዲያልቅ አይተው። መተንፈሻው ተደፍኖ ክዳኑ ቢገጠም አየር ያጣና ይከስማል፤ በማግስቱ ለቡና ይሆናል።