ሦስት ረድፍ ወይስ አንድ ረድፍ በሦስት ስም?

በየላቡ ከምንሰማቸው እሮሮዎች አንዱ «ኮምፒውተሩ ያላዘዝኩትን ሠራ» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ኮምፒውተሩ የሠራው የታዘዘውን ብቻ ነው። ችግሩ ያለው ትዕዛዙን በምንማርበት መንገድ ላይ ነው።

ለምሳሌ የሶዶ፣ የቦዲቲና የአረካ ገበያዎችን የበቆሎ፣ የጎደሬና የስኳር ድንች ዋጋ የሚይዝ ሠንጠረዥ በፓይተን እንሥራ እንበል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለስም ስለሚቀበል እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

ዋጋ = [[0] * 3] * 3
ዋጋ[0][0] = 40

የሶዶ በቆሎ ብቻ 40 ይሆናል ብለን ስንጠብቅ የሚወጣው ይህ ነው፦

[[40, 0, 0], [40, 0, 0], [40, 0, 0]]

ቦዲቲም አረካም ሳይጠየቁ 40 ሆነው ቁጭ! የበቆሎውን ዓምድ ብንደምር በ40 ፈንታ 120 እናገኛለን። ኤረር ግን የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የውጪው «* 3» አዲስ ረድፍ አይፈጥርም፤ ያንኑ አንድ ረድፍ ሦስት ቦታ ላይ ይጠቁማል እንጂ። እኛ አገር አንድ ልጅ የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም ይኖረዋል አይደል? በየትኛውም ብንጠራው የሚመጣው ያው ልጅ ነው። ዋጋ[0] = [40, 0, 0] ብንል ኖሮ ግን የመጀመሪያው ቦታ በአዲስ ረድፍ ስለሚተካ ሌሎቹ አይነኩም ነበር። በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ 3 በ3 አሬይ ማለት 9 የተለያዩ ሕዋሶች ማለት ነው፤ ከዚያ የመጣ ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

«በፎር ሉፕ በየዙሩ አዲስ ረድፍ ፍጠር፣ በቃ» የሚሉ አሉ። መፍትሔው ትክክል ነው፤ ተሸምድዶ ግን አይበቃም። ነገ ሊስቱን ኮፒ ስናደርግ የሚገለበጠው የውጪው ብቻ ሆኖ ያው ጣጣ ይመለሳል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ከኮዱ በፊት ሳጥንና ቀስት እንድንስል ቢያዙን፣ በፈተናም ለሥዕሉ ነጥብ ቢሰጡ እላለሁ። እኛም የቀየርነውን ሕዋስ ብቻ ሳይሆን መቀየር ያልነበረበትንም እንይ። ነገ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የጤናና የግብርና መረጃ የምናደራጀው እኛው ነን። ኤረር ያሳየ ፕሮግራም ይታረማል፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ግን ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ውሳኔም ይሰጥበታል።