የፊት ፍሬን አይገለብጥም፤ ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ፤ ከናንተ ጋር የማወራርደው ሒሳብ አለኝ።

ሰሞኑን እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ወንድማችንን ሆስፒታል ሄደን ጠየቅነው። እሁድ እሁድ አብሮን በክሩዘር የሚነዳ ልጅ ነው። ከፊቱ የምትመጣ መኪና ወደ ግራ ታጠፈችበት፤ ፍሬን ያዘ፤ አልቆመለትም። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን። አልጋውን የከበበው ሰው ሁሉ «ቀን ጥሎት ነው» እያለ ያጽናናዋል። እኔ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

«የፊቱን ፍሬን ያዝከው?»

«ኧረ ጋሼ! ይገለብጠኛል ብዬ በኋላው ነው የረገጥኩት።»

«ይገለብጣል ያለህ ማነው?»

«ሁሉም ሰው ነዋ የሚለው።»

እዚያ «ሁሉም ሰው» ውስጥ እኔም አለሁበት። አውቶ መካኒክ ሳስተምር ስንቱን ክፍል «የፊት ፍሬን አትመኑ፣ በኋላው ቁሙ» እያልኩ እንዳስወጣሁ እናንተው ታውቃላችሁ። ዛሬ ያንን ትምህርት መልሼ ልወስደው ነው የመጣሁት።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ያኔ ሞተር የሚነዳው በአብዛኛው የወረዳ የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ ነው፤ መንገዱም ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ፣ ያውም መሪ ታጥፎ ሳለ፣ የፊት ፍሬን ጭምቅ ካደረጉት ጎማው ተንሸራቶ ይጥላል። እውነት ነው። ጥፋታችን የጠጠሩን ሕግ ለአስፋልት፣ ለቀጥታ መንገድና ለማንኛውም ሞተር ማድረጋችን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ምን ቢረግጡት ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ከስፖርት ሞተር ይልቅ የኋላው ፍሬን ይጠቅመዋል፤ ያም ሆኖ ደረቅ አስፋልት ላይ በኃይል ሲቆም ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚያርፈው ፊት ነው። ይሄው ርዝመቱና ዝቅታው ነው እንዳይገለበጥም የሚያደርገው። አንድ ተራ ክሩዘር ከነነጂው አስልታችሁ ብታዩት ከመገልበጡ በፊት የፊት ጎማው ይንሸራተታል። «ይገለብጣል» የምንለው ሞተር ለመገልበጥ ከሁሉም የማይመቸው ነው!

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። መንገዱ ደረቅ አስፋልት ነው፤ የማሰቢያዋን ጊዜ አልቆጠርንም። ሁለቱንም ፍሬን በደንብ የያዘ ሰው 18 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በኋላው ብቻ የያዘ 41 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያለፈ ነው። ቀን ጣለው የምንለው ይሄንን ነው።

አዲስ ግኝትም አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረው ሪፖርት አወጡ። ያገኙት ምንድን ነው? አብዛኛው ነጂ የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጦ ያንሸራትታል፣ የፊቱን በቅጡ አይዘውም። ለማምለጥ ያለው ጊዜ ደግሞ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። ስንት ዓመት አለፈ? እኛ ዛሬም እዚያው ነን።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልናገር። የኛ ሰው ክሩዘር በገዛ በሳምንቱ ማርሚታ ይቀይራል። ቀጥሎ ክሮም፣ ቀጥሎ የቆዳ ቦርሳ። ፍሬኑስ? «ፋብሪካው ያውቃል።» ማርሚታው ላይ ፋብሪካው አያውቅም፣ ፍሬኑ ላይ ያውቃል ማለት ነው? እንደ ያማሃ ቪ ስታር 650 እና እንደ ሆንዳ ሻዶው ቪኤልኤክስ ያሉት ከፊት አንድ ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ብቻ ነው ያላቸው። በዚያ ላይ ያገለገለ ነው የምንገዛው፤ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም።

«ማርሚታው ሲጮህ መኪኖች ይሰሙኛል» የምትሉም አላችሁ። ወንድሜ፣ የማርሚታህ አፍ ወደ ኋላ ነው የዞረው፤ የምትታጠፍብህ መኪና ያለችው ከፊት ነው።

ፍሬን ማሻሻል ሲባልም ዘለን ትልቁን ነገር አንግዛ። ቅደም ተከተል አለው፤ ከርካሹ ጀምሩ።

አንደኛ፣ ዘይት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲገባው መስፈርቱ ራሱ እስከ 155 ድረስ ይፈቅዳል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት፣ አየሩንም በደንብ አስወጡ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ቆየት ያሉ ሃርሊዎች እሱን ነው የሚጠቀሙት፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሙሉ።

ሁለተኛ፣ ካሊፐሩን ፈታችሁ አጽዱ። ፒስተኑና የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ከተያዘ ፓዱ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚነክሰው። ብዙውን ጊዜ «ደካማ ፍሬን» የሚባለው ቆሻሻ ፍሬን ነው።

ሦስተኛ፣ ፓድ። ጀርባው ላይ ሁለት ፊደል አለ፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ አቅም ይነግራችኋል። ኤችኤች ከፍተኛው የተለመደ ደረጃ ነው። አዲስ ፓድ ገጥማችሁ መጀመሪያ በዝግታ ደጋግማችሁ አለማምዱት።

አራተኛ፣ ቱቦ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ስትጨምቁት ይነፋል፤ ጉልበታችሁ እዚያ ያልቃል። በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ይህንን ያስቀራል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልበቃ፣ ያኔ ትልቅ ዲስክ ወይም ሁለተኛ ካሊፐር አስቡ። እዚህም ወጥመድ አለ። ከባለሁለት ዲስክ ሞተር የተፈታ ትልቅ ማስተር ሲሊንደር አንድ ዲስክ ላይ የሚገጥሙ አሉ። 12.7 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ15.9 ስትቀይሩት፣ እጀታው ያው ከሆነ፣ ለእኩል ጭመቃ የምታገኙት ግፊት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። እጀታው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰውየው «አሁን ጠንካራ ሆነ» ብሎ ይደሰታል። ጠንካራ የሆነው እጀታው ነው፣ ፍሬኑ ደክሟል! በተቃራኒው ትልቅ ካሊፐር በትንሽ ማስተር ስትገጥሙ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ሁለቱ ተመጣጥነው ነው የሚመረጡት። ሒሳቡን የማትሠሩ ከሆነ አትንኩት።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ኤቢኤስ ያለውን ግዙ። አውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ካስገደደች ቆይታለች፤ ህንድም እንደዚያው። አሜሪካ ስላላስገደደች ምርጫው ለኪሳችን ተትቷል፤ ኪሳችን ደግሞ ማርሚታ ይወዳል።

«እኔ 15 ዓመት በኋላው ብቻ ነድቼ ምንም አልሆንኩም» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። 15 ዓመት ሙሉ ማንም አልታጠፈብህም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የተፈተነው ግን ዕድልህ ነው እንጂ ፍሬንህ አይደለም።

እንግዲህ የቤት ሥራ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። በ20 ኪሎ ሜትር ጀምሩ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ የፊቱን ፍሬን እንደ ሎሚ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ፤ በድንገት አትያዙት። ክብደቱ ፊት ላይ ሲያርፍ ጨምሩ። የኋላውንም አብራችሁ፣ ለስለስ አድርጋችሁ። ከዚያ 30፣ ከዚያ 40። እጃችሁ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ደጋግሙት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚያስብ ሰው የለም።

ተማሪዎቼ፣ በዚህ ነገር ይቅርታ አድርጉልኝ። እናንተም በተራችሁ ያስተማራችሁት ሰው ካለ ደውሉለት። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ሞተሩን ጋራዤ አምጥተን ከዘይቱ እንጀምራለን፤ መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

በሰላም ግቡ።