ሮቦቱ መጀመሪያ ይሂድ

የተማሪዎች ሮቦት ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ጎማው ላይ ነው። ክንዱ ዕቃ ያነሳል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ታጠፍ ሲባል ግን ባለበት ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ በል ሲባል ወደ ግራ ይጎትታል። ነጥብ የሚገኘው ደግሞ ሮቦቱ መድረስ ከቻለበት ቦታ ብቻ ነው። የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው፦ የየትምህርት ቤቱ የሮቦት ክበብ ከሁሉ አስቀድሞ መንጃውን፣ ማለትም ጎማውን፣ ሞተሩንና ማርሹን፣ ይሥራ፤ መንጃ መሥራትን ለመማርም ጋራዥ ይሂድ። ጋራዥ ስል በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ካራቆሬን በመሰለች የመንገድ ዳር ከተማ ያለውን ማለቴ ነው።

ፈርስት ግሎባል የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋሽንግተን ላይ ተጀምሮ በሜክሲኮ ሲቲ፣ በዱባይ፣ በጄኔቫ፣ በሲንጋፖርና በአቴንስ ተካሂዷል። ከየአገሩ አንድ ቡድን ይገባል፤ የኢትዮጵያም ተሳትፏል። ለሁሉም የሚላከው የዕቃ ሳጥን አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ የሀብታሙም የድሃውም እኩል ከሆነ፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከአመራረጥና ከልምምድ ነው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ክበቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በቢጫዋ የፕላስቲክ ሞተር ነው። ከ3 እስከ 6 ቮልት ትሠራለች፤ በውስጧ ዙሩን 48 ለ 1 የሚቀንስ ማርሽ አላት። ለመማሪያ ርካሽና ጥሩ ናት፤ ሁለት ሲሆኑ ግን እኩል አይዞሩም። ኤል298ኤን የሚባለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ወደ 2 ቮልት ያህል በመሀል ይበላል። «6 ቮልት ሰጥቼዋለሁ» የሚል ተማሪ ሞተሩ ጋ የደረሰው 4 መሆኑን በመለኪያ ካላየ፣ ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ያድራል።

መንጃ ሲመረጥ ዓይን የሚስበው ሌላ ነው። ስዊድናዊው መሐንዲስ ቤንግት ኢሎን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው የሜካነም ጎማ ዙሪያውን በ45 ዲግሪ የተጋደሙ ትንንሽ ተንከባላዮች አሉት፤ ሮቦቱን ፊቱን ሳያዞር ወደ ጎን ያስኬደዋል። ስዎርቭ የሚሉት ደግሞ እያንዳንዱን ጎማ በአንድ ሞተር ያሽከረክራል፣ በሌላ ሞተር ያጥፋል። በቪዲዮ ላዩት ልብ ይሰርቃሉ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር! ሜካነም ለአራቱም ጎማ የየራሱን ሞተር ይፈልጋል፤ አንዱ ጎማ መሬት በደንብ ካልነካ ወደ ጎን መሄዱ ይበላሻል፤ ተቀናቃኝ ሲገፋውም እንደ ተራ ጎማ መሬት አይዝም። ስዎርቭማ ባለ አራት ጎማ ከሆነ ስምንት ሞተር ይበላል።

ለጀማሪ ቡድን የምመርጠው የታንክ መንጃን ነው። የግራ ጎማዎች አብረው፣ የቀኝ ጎማዎችም አብረው ይዞራሉ፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲዞሩ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ሲበልጥ ይታጠፋል። ይህም ቢሆን ጣጣ አያጣም። ሲታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን መሬት ይፈጫሉ፤ ሻንሲው ረጅምና ጠባብ ከሆነ ፍጭቱ ሞተሩን ያሸንፈዋል። ስለዚህ ሻንሲው አጠር፣ ሰፋ ይበል፤ አለዚያ የፊቶቹ ወይም የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ወደ ጎን በሚንሸራተት ኦምኒ ጎማ ይቀየሩ። ባለ ስድስት ጎማ የሚሠሩ ደግሞ መካከለኞቹን በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ ሮቦቱ በአንድ ጊዜ የሚቆመው በአራት ጎማ ላይ ስለሆነ ሳይታገል ይዞራል።

ቀጥሎ ማርሹ ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር 20 ለ 1 ሲቀነስ ጎማውን በሰከንድ 5 ጊዜ ያዞረዋል። ዲያሜትሩ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና፣ ሮቦቱ ያለ ጭነት በሰከንድ 1 ሜትር ከ40 ይሄዳል። 12 ለ 1 ብናደርገው ፍጥነቱ 2 ሜትር ከ35 ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን ከበፊቱ 60 በመቶ ላይ ይወርዳል። ጉልበት መጨመርም ዳር አለው፤ ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ትርፉ ምንም ነው። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፦ ጎማው መሬቱን ጨብጦ ሞተሩ ቢቆም፣ የሚገባው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ፊውዝ ይበጥሳል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል።

ይህን ለካራቆሬ ልጅ በፎርሙላ ብቻ ማስተማር ያስተዛዝባል። የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት በከተማዋ መሀል ያልፋል። ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ የጫነ አይሱዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር የሚወጣው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው። በዚያ ዳገት የተጓዘ ሁሉ ፍጥነት ተሽጦ ጉልበት ሲገዛ በጆሮው ሰምቷል።

ባጃጅ ጋራዥ ደግሞ ትምህርቱ በእጅ ይዳሰሳል። ካራቆሬ አስፋልቱ ዳር የባጃጇን የኋላ ክፍል በድንጋይ ያስደገፈ ወጣት መካኒክ፣ ማርሽ አስገብቶ አንዱን ጎማ ወደ ፊት ሲያዞረው ሌላኛው ወደ ኋላ ዞረ። «አዩት ጋሼ? ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ ጥቂት። ዲፈረንሻል ባይኖር መሬቱን እየቧጨረች ነበር የምትታጠፈው» አለኝ። የታንክ መንጃ ሙሉ ችግር በዚህች ንግግር ውስጥ አለ፤ ሮቦቱ ላይ የዲፈረንሻሉን ሥራ የሚሠራው ኮዱ ነው። ከዚያ ጎማውን ላይና ታች ይዞ ነቀነቀውና «ኩሽኔታው ላልቷል» አለ። ስንቱ የተማሪ ሮቦት ነው ጎማው በሞተሩ ዘንግ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ በሁለቱም በኩል ኩሽኔታ ሳይደግፈው ለውድድር የሚቀርበው?

እንደ ካራቆሬ በግጭት በተጎዳ አካባቢ የሮቦት ወሬ ቅንጦት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ሳጥኑን ከውጭ እናስመጣ ግን አላልኩም። ሻንሲው ከላሜራና ከቱቦላሬ ይበየዳል፤ ካቴናው ካረጀ ሳይክል ይወጣል፤ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ጉልበቱ ብዙ፣ ማርሹም በውስጡ ነው። የአይሱዙው ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ስለሆነ የትንሽ መኪናው፣ ባለ 12 ቮልቱ ይመረጥ። ውድድሩ የራሱን ዕቃ ብቻ ቢፈቅድ እንኳ ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስት ወር ካለ መንጃው በመጀመሪያው ወር መሬት ላይ ይሂድ፤ ክንዱ እየተሠራ ሳለ ነጂው ይለማመድ። ክበቡን የሚመራው የፊዚክስ መምህርም አንዱን ክፍለ ጊዜ ከኮምፒውተር ክፍሉ አውጥቶ ጋራዥ ያድርገው። ለመካኒኩ ግን የሥራ ሰዓቱ ይከፈለው። ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ እንግዳ መምህር አበል የሚቆርጥ ትምህርት ቤት፣ ለእሱ የማይከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።