ድንኳኑን ከባሮ ዳር ወደ ግቢያችን እናምጣው



ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ በብስክሌት አገር የሚያዩ መንገደኞች አልፎ አልፎ በሠፈራችን ብቅ ይላሉ። ገሚሱ ከጅማ በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ገሚሱ ደግሞ ብስክሌቱን በካርቶን አሽጎ በአውሮፕላን ይመጣና እዚሁ ማረፊያው ደጃፍ ላይ ይገጣጥመዋል። ድንኳኑንም ማብሰያውንም በብስክሌቱ ጭኖ የሚሄድ ሰው ስለሆነ ማደሪያ አይጠይቅም። ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሲመሽ ዛፍና ውኃ ብሎ ወደ ባሮ ዳር ይሄዳል።

ባሮ ውስጥ ምን እንዳለ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንግዳው ግን የሚያየው ጸጥ ያለ ውኃ ብቻ ነው። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1966) የሰላም ጓድ አባላት የሆኑ ወጣት አሜሪካውያን ከተማችንን ለማየት መጥተው ባሮ ውስጥ ዋኝተው ነበር። የመጡት በብስክሌት አልነበረም፤ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። የአገሩ ሰው አዞ አለ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ጓደኞቹ ከውኃው ሲወጡ አንደኛው፣ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት፣ ውኃ ውስጥ ባለ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ቀረ። አዞው ወሰደው። በማግሥቱ አዞው በጥይት ተገደለ፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ገደማ ነበር ይባላል። ይህ ታሪክ ባሕር ማዶ በመጽሐፍ ሳይቀር ተጽፏል።

እኛ ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ያ ልጅ ሳይነገረው አልሞተም፤ ተነግሮታል። በረዥም መንገድ ደክሞ፣ ላብና አቧራ ለብሶ፣ ውኃ ፊት ለፊቱ እያየ ላለ ሰው «አዞ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። መታጠቢያ ሲያገኝ ነው ወንዙን የሚተወው። አዞ እንደሆነ እንስሳና ሰው በየሰዓቱ የሚወርድበትን ቦታ አጥንቶ የሚያደባ ነው፤ ሲመሽና ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ሌሎች ሲቀዱ አይቻለሁ» ማለት ለእንግዳ መከላከያ አይሆነውም፤ እንዲያውም አዞው የሚጠብቀው እዚያው ነው።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ከአዲስ አበባ ብርድ በአንድ ሰዓት በረራ መጥቶ እኩለ ቀን ላይ ወደ አቦቦ ፔዳል የሚመታ ሰው አያዛልቀውም። ገላ የእኛን አገር ሙቀት ለመልመድ ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ንግግር መደነባበር የታየበትን ሰው ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ገላውን በውኃ እያራሱ፣ እያራገቡ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። «ቆይ ትንሽ ይረፍ» ብሎ መተው የለም። ከጎሬ የሚወርደውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዞ ሲመጣ ቸርኬው ይግልና ጎማው ይፈነዳል። የሠፈራችን ጎሚስታዎች ይህን ያውቁታል፤ እየቆሙ ማቀዝቀዝ እንዳለባቸው ለሚመለሱት ቢነግሩልን።

ስለ ወባም ቢሆን፣ ትንኟ የምትነድፈው ሌሊት ነው፤ ትኩሳቱ ግን ቢያንስ ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የሚነሣው። እዚህ የተነደፈ ሰው የሚወድቀው ጅማ ወይም አገሩ ገብቶ ነው። ከጋምቤላ መምጣቱን ለሐኪሙ እንዲናገር እንምከረው።

ሌሊቱን በሚመለከት ብዙ አንጽፍም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በጨለማ ጫካ ውስጥ ወይም በማረፊያው አጥር ሥር የተተከለ ድንኳን ማንንም ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ጥበቃ ደግሞ መሣሪያ ይዟል። እንግዳውም ጥበቃውም የማይፈልጉት ነገር ይመጣል።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። «ኸዋጃ! ኸዋጃ!» እያሉ መሮጡ ልጅነት ነውና እሺ። ድንጋይ ግን ምን የሚሉት ነው? እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በብስክሌት ሲጓዙ የኖሩ ማኅበርተኞች አሉ፤ ኢትዮጵያን ሲያነሡ ከዳገቱ እኩል የሚያወሩት ልጆች ስለሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ይህን ስንሰማ ያሳፍረናል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ድንጋይ ሲያይ ይሸሻል፣ ሲሸሽ መሪው ይጠመዘዝበታል፣ ከኋላው አይሱዙ ይመጣል። የተወረወረው ጠጠር ቢሆንም የሚሆነው ነገር ጠጠር አይሆንም። እናቶችና አባቶች ማታ ማታ ንገሩልን፤ መምህራንም በሰልፍ ላይ።

ማኅበራችን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ድንኳን የጫነ ብስክሌት ያየ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ያናግረው። በአኙዋክኛም በኑዌርኛም በአማርኛም ይሁን፣ በእጅ ምልክትም ይሁን፣ ወንዙን ትቶ ወደ ማኅበሩ ግቢ እንዲመጣ ይምራው። ማንጎው ሥር ሁለት ሦስት ድንኳን የሚያስተክል ቦታ አለ፤ በርሜል ውኃና የመታጠቢያ ከለላም አለ። ክፍያ የለም። ሲገባ ለቀበሌው የምናስታውቀው እኛ ነን። የበሩ ቁልፍ ቀንም ሌሊትም በዘበኛችን እጅ ነው፤ በርሜሉን የሚሞሉት ተረኛ ቤቶች ስም ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት