የዘገየ ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ገጣሚ ደብተሩን ይዞ መጣ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ገና ገጹን ሳልገልጥ፣ «እኔ እንኳ ዘግይቻለሁ» አለኝ፤ መጽሐፍ ያሳተሙ እኩዮቹንም በጣቱ ቆጠረልኝ። ለጊዜው የምመልስለት ቃል አጣሁ። ከሄደ በኋላ ወደ ሐሳቤ የመጣው ግን ደራሲ አልነበረም፤ አየርላንዳዊው የስኑከር ተጫዋች ኬን ዶኸርቲ ነው።

ስኑከርና ሥነ ጽሑፍን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ።

ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1969 በደብሊን ከተማ ተወለደ፤ ራነላ በሚባለው ሰፈርም አደገ። በልጅነቱ ቁመቱ ለጠረጴዛው ስላልበቃ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ እየቆመ ይጫወት እንደነበር ይነገርለታል። በ1989 ከ21 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የአማተሮችንም የዓለም ሻምፒዮንነት ደረበበት። በ1990 ከፕሮፌሽናሎች ጎራ ተቀላቀለ። ይህን ያየ ሁሉ መንገዱ የተጠረገለት ልጅ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዚያው በ1990 ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሄንድሪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ21 ዓመቱ፣ እስከዚያ ጊዜ ከነበሩት ሻምፒዮኖች ሁሉ በዕድሜ ታናሹ ነበር። የሄንድሪም የትውልድ ዓመት 1969 ነው! ሁለት እኩያሞች፤ አንዱ ዙፋን ላይ ሲወጣ ሌላው ገና ደጁን ያንኳኳል።

በ1992 ዶኸርቲ ለግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ደርሶ በጂሚ ኋይት 10 ለ 9 ተረታ፤ በአንዲት ጨዋታ ልዩነት። በ1993 የዌልስ ኦፕንን አሸነፈ። በ1994 በዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከእኩያው ከሄንድሪ ጋር ተገናኘና 10 ለ 5 ተሸነፈ። በዚያ ግጥሚያ ሄንድሪ ሰባት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ተራው ሳይቋረጥ፣ ከመቶ ያላነሰ ነጥብ አስቆጥሯል።

የስኑከር ጭካኔ እዚህ ላይ ነው። ሯጭ ቢቀደም እየሮጠ ነው፤ ቡጢኛ ቢመታም እጁን ማንሣት ይችላል። የስኑከር ተጫዋች ግን ባለጋራው ኳሶቹን አንድ በአንድ ሲያስገባ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ማድረግ የሚችለው አንዳች ነገር የለም። የእኩያውን መጽሐፍ በመደብር መስኮት የሚያይ ጸሐፊ ይህን ወንበር ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ብዙ ተቀምጬበታለሁ።

በ1997፣ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ፣ የዓለም ሻምፒዮና በሚካሄድበት ክሩሲብል ቴአትር ሁለቱ እኩያሞች ለፍጻሜ ተፋጠጡ። ሄንድሪ ከ1992 እስከ 1996 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወስዷል። ዶኸርቲ 18 ለ 12 አሸነፈው። የወጣቶችን፣ የአማተሮችንና የፕሮፌሽናሎችን የዓለም ሻምፒዮንነት ለመጨበጥም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

«እሱማ በመጨረሻ አሸነፈ፤ የማያሸንፈውስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሄንድሪ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ዶኸርቲ አንድ ጊዜ ብቻ። በዋንጫ ቁጥር ከተመዘነ የሚበልጠው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። ዶኸርቲ በ1994 ወንበሩ ላይ ሳለ የ1997ቱን ውጤት አያውቅም ነበር። ተስፋ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም በማግስቱ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። እኔን የሚያስደንቀኝ ዋንጫው ሳይሆን ይህ ማግስት ነው። ማግስት ደግሞ ላሸነፈም ላላሸነፈም እኩል ተሰጥቷል።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። ወጣት ጸሐፊ ሲመጣ አስቀድመን ዕድሜውን እንጠይቃለን፤ ስንኙን ሳንመዝን ልደቱን እንቆጥራለን። በሃያ ዓመቱ ያሳተመውን እናጨበጭብለታለን፤ በአርባ ዓመቱ ያሳተመውን «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» እንለዋለን። የነበረውማ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እያየ፣ እየተማረ።

የወጣቱ ደብተር አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሲመለስ ስለ ብስኩቱ ቆርቆሮ አጫውተዋለሁ። ከዚያም ሦስተኛው ግጥም ላይ ቤት ያልመታችውን ስንኝ አሳየዋለሁ።